ሦስቱ ጎረቤት ፀሐዮች

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣ ሰማዩ ጠርቶ ካገኛችሁት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ተመልከቱ። ከአድማሱ ከፍ ብለው ጎን ለጎን ሁለት ደማቅ ኮከቦች ይታያሉ፤ በስተቀኛቸው የደቡብ መስቀል አለ። የግራው፣ ደመቅ ያለው፣ አልፋ ሴንታውሪ ነው። ዋሽንግተን ወይም ኢየሩሳሌም ያለ ዘመዳችሁ እኔም ልየው ቢል አይሆንለትም፤ በዚያ አገር ከአድማስ በላይ አይወጣም።

አንድ ይምሰል እንጂ ሦስት ነው። በ1689 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ ዣን ሪሾ የተባሉ ኢየሱሳዊ ካህን ጅራታም ኮከብ ሲከታተሉ መነጽራቸው ይህን ኮከብ ለሁለት ከፍሎ አሳያቸው። ሦስተኛዋን፣ ፕሮክሲማን፣ ሮበርት ኢነስ በ1915 ከጆሃንስበርግ አገኛት። ስሟ በላቲን «ቅርቧ» ማለት ነው፤ ከእኛ 4.25 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ከእሷ የሚቀርበን ኮከብ አልተገኘም።

ሦስቱን ከፀሐያችን ጋር ለማስተያየት ፀሐይን በደህና ብርቱካን እንመስላት። ብርቱካኗን አዲስ አበባ ብናስቀምጣት፣ መሬት የጤፍ ፍሬ ሆና 9 ሜትር ያህል ርቃ ትዞራታለች። ጎረቤቶቻችን ግን ኢየሩሳሌም ናቸው፤ 2,500 ኪሎ ሜትር! ትልቁ፣ ኤ የሚባለው፣ ከብርቱካናችን በመጠኑ ተለቅ ይላል፤ በቀለሙ የፀሐይ ወንድም ነው፣ ብርሃኑ ግን አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ቢ አነስ ያለና ቀላ ያለ ሲሆን የፀሐይን ግማሽ ያህል ያበራል። ሁለቱ በ80 ዓመት አንዴ ይዞራሉ፤ ሲቀራረቡ በመካከላቸው 100 ሜትር፣ ሲራራቁ ከ300 ሜትር በላይ ይሆናል። ፀሐያችን እንዲህ ያለ ጓደኛ የላትም፤ ብቸኛ ናት።

ፕሮክሲማስ? ከሁለቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የተቀመጠች ሽምብራ ናት። ብርሃኗ የፀሐይ አንድ ስድስት መቶኛ (1/600) ገደማ ስለሆነ፣ ያን ያህል ቀርባን እንኳ ያለ መነጽር አትታይም። ለእኔ ከሦስቱ የምትገርመኝ እሷ ናት። ፀሐይ ነዳጇን በ10 ቢሊዮን ዓመት ስትጨርስ፣ ይቺ ቆጣቢ ለትሪሊዮን ዓመታት ትቆያለች። ቆጣቢ ትሁን እንጂ ቁጡም ናት፤ ድንገት እየፈነዳች ጨረር ትረጫለች። እሷን የምትዞረው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘችውና ዓመቷ 11 ቀን ብቻ የሆነው ፕላኔት ይህን ሁሉ የምትቀበለው በቅርብ ሆና ነው።

ከዚያ ሆኖ ወደ እኛ ያየ ሰው ቢኖር፣ ፀሐያችንን የሚያገኛት ካሲዮፒያ በተባሉት አምስት ኮከቦች አጠገብ፣ ስድስተኛ ሆና ነው። ካሲዮፒያ ደግሞ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት።