ከባንክ ካርዱ ወሬ ይልቅ የዲላ ቦይ ያሳስበን

«እያንዳንዳችን በየሳምንቱ የባንክ ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ እንበላለን» የሚለው ወሬ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። መነሻው በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በሳምንት እስከ 5 ግራም የሚል ግምት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ስሌት ግን ለአንድ አዋቂ በሳምንት 4 ማይክሮግራም ገደማ ብቻ አገኘ። በዚህ ሂሳብ 5 ግራም ለመሙላት ከ20 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። እርግጥ ስሌቱ ሁሉንም ምግብ አላካተተም፤ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሱ ቅንጣቶችንም አልቆጠረም። ልዩነቱ ግን ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ነውና የካርዱ ወሬ ይብቃን።

እንበላዋለን የሚባለው ማይክሮፕላስቲክ ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ስብርባሪ ነው። ዲላ ያለችበት ጌዴኦ ባሕር ባይኖረውም ውሃው መድረሻ አለው፤ የጊዳቦና የገላና ወንዞች ወደ አባያ ሐይቅ ይወርዳሉ። አባያ ደግሞ ወደ ባሕር መውጫ የለውም። ስለዚህ ዲላ ላይ ቦይ ውስጥ የተጣለ ፌስታል ጎርፍ ከወሰደው ማረፊያው እዚያው ነው።

ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤትሊን ከውሃ ይቀላል። ታዲያ እንዴት ወደ ሐይቁ ወለል ይሰምጣል? ነገሩ የሚጀምረው ከፀሐይ ነው። የአልትራቫዮሌት ጨረር ረጃጅሞቹን የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጥሳል። በቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚዘረጋውን ላስቲክ ልብ ብላችሁ እዩት፦ አዲስ ሳለ ይለጠጣል፤ ፀሐይ ሲበዛበት ግን ሲያጥፉት ይሰነጠቃል፣ ጠርዙም ይረግፋል። አንድ ሴንቲሜትር ኩብ ፕላስቲክ ወደ አንድ ሚሊሜትር ኩቦች ቢሰባበር ክብደቱ ሳይጨምር የገጹ ስፋት 10 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ገጽ ላይ ባክቴሪያና አልጌ ይሰፍራሉ፤ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋንም ያለብሱታል። ቅቤ የነካ እጅ አቧራ እንደሚሰበስብ ሁሉ፣ ይህ ሽፋን ውሃው ውስጥ ያለውን ደለል ይሰበስባል። አባያን ቀይ ቡናማ ያስመሰለው ደለል ማለት ነው። የደለሉ ቅንጣት ከውሃ ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ ስብርባሪውን ይዞት ይወርዳል።

ፕላስቲኩ ወደ ወለል መውረዱ በዓሣ ላይም ይታያል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የዝዋይ ሐይቅ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶው ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። እንደ አምባዛ ያሉት ከሐይቁ ወለል የሚመገቡ ዓሦች ከቆሮሶ ይበልጥ ፕላስቲክ ነበረባቸው። ሆድ ዕቃው ወጥቶ የሚጣል ስለሆነ «ዓሣ አትብሉ» የሚያሰኝ ግኝት አይደለም።

መርዛማ ኬሚካሎችስ? እዚህ ላይ ተመራማሪዎች አይስማሙም፤ እኔም ተጠንቅቄ ነው የምጽፈው። ለወባ ይረጭ የነበረው ዲዲቲ በዝዋይና በሐዋሳ ዓሦች ውስጥ ተገኝቷል፤ ዲዲቲ ፕላስቲክ ላይ እንደሚጣበቅም ይታወቃል። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት የተበከለ ፕላስቲክ የበሉ ዓሦች ጉበታቸው ተጎድቷል። ሌሎች ግን በሐይቅ ውስጥ ከፕላስቲኩ ይልቅ ውሃው፣ ደለሉና ምግቡ እጅግ ብዙ ዲዲቲ እንደሚሸከሙ ያስረዳሉ። ክርክራቸው ያሳምነኛል። በፋብሪካ ከፕላስቲኩ ጋር የሚቀላቀሉት ኬሚካሎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እነሱን ፕላስቲኩ ራሱ ይዟቸው ይመጣል።

ደለል ውስጥ የተቀበረውን ስብርባሪ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። ሊያዝ የሚችለው ገና ሙሉ ፌስታል ወይም ሙሉ ላስቲክ ሳለ ነው። ስስ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ የአንድ ጊዜ መገልገያ ፌስታልን ጨርሶ አገደ። ሥራው የቀረው መሬት ላይ ነው፦ የዲላን ቦዮች ክረምት ሳይገባ መጥረግ፣ ያረጀውንም የቡና ላስቲክ ሳይረግፍ ከአልጋው ላይ ማንሳት።