የጣናን እምቦጭ በካርታ ስለ መከታተል

ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ እምቦጭ የተባለውን የጣና ሐይቅ አረም ከሌላው ቅጠል እንዴት ሊለየው እንደሚችል ብዙዎቻችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ፥ በካርታ ሥራ የምተዳደር ሰው እንደ መሆኔ መጠን ነገሩን ከመሠረቱ ልገልጽላችሁ ወደድኩ።

ከቀይ ብርሃን ወዲያ፥ ዓይናችን የማያየው ታሕተ ቀይ የተባለ ጨረር አለ። ሕያው ቅጠል ቀዩን ብርሃን ምግቡን ሊያዘጋጅበት ሲያስቀረው ይህን ጨረር ግን አብዛኛውን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል፤ ውሃ ደግሞ ይውጠዋል። ስለዚህ ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች፥ የመጀመሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. ከመጠቀ ወዲህ፥ ምድርን 10 ሜትር በ10 ሜትር እየከፈሉ በሚያነሡት ሥዕል ላይ፥ ክፍቱ የጣና ውሃ ጠቁሮ አረም የሸፈነው ግን ደምቆ ይታያል።

ይሁን እንጂ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም በዚያው ዳርቻ ይበቅላልና፥ በአንድ ዕለት ሥዕል ብቻ የሚፈርድ ሰው የሀገሩን በረከት ከመጻተኛው አረም ጋር አንድ አድርጎ ይኰንናል። ደንገል በሥሩ ጸንቶ ሲቆም እምቦጭ አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ ወደ ነፈሰበት ይንሳፈፋል፤ እንግዲህ የሳምንታቱን ሥዕል ደርድሮ ያነጻጸረ፥ ከዚያም በጀልባ ወርዶ ቦታውን በጂፒኤስ የመዘገበና ዓሣ አጥማጁን የጠየቀ ሰው እውነቱን ያገኛል።

ጂአይኤስ የተባለው የኮምፒውተር ካርታ ሥራ ዋና ረብ ግን ካርታን በካርታ ላይ መደረቡ ነው። እምቦጭ በጣና መኖሩ ከታወቀበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ የተንሰራፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ፥ በደንቢያ፥ በጎንደር ዙሪያ፥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻ ነው። በዚህ ላይ የወንዞቹን ካርታ ብትደርቡበት፥ መገጭና ድርማ፥ ርብና ጉማራ ወደ ሐይቁ የሚገቡት በዚያው ወገን ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ሦስተኛ የእርሻውንና የተዳፋቱን ስትጨምሩበት ደግሞ፥ ዝናብ ከታረሰው ቁልቁለት አጥቦ የሚያወርደው አፈርና ማዳበሪያ፥ ከከተማም የሚወርደው ፍሳሽ፥ ለአረሙ ሲሳይ እንደሚሆነው መንገዱ ይገለጣል። ካርታው ወዴት መመርመር እንደሚገባ ያመለክታል፤ ከየወንዙ አፍ የተቀዳው የውሃ ናሙና ደግሞ ፍርዱን ያጸናዋል።

የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ስለሚቆይ፥ ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው ሁሉ፥ ከላይ የሚወርደው ምግብ ካልተገታ በቀር፥ ተመልሶ ይበቅላል። የደቅና የክብራን ደሴቶች ገዳማት ለዘመናት የኖሩባትን ይህችን ባሕር ለመታደግ፥ በዳርቻው የሚነቅለውና በዳገቱ ላይ እርከን የሚሠራው በአንድ ካርታ ሊመሩ ይገባል። የሳተላይቶቹ ሥዕሎች ለማንም ያለ ዋጋ ክፍት ናቸውና፥ ይህን የካርታ ሙያ የተማራችሁ ወጣቶች በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ፥ ከክረምቱ በፊት ለአረም ነቀላው ዘመቻ የሚሆነውን ካርታ እንድታዘጋጁ በታላቅ አክብሮት እለምናችኋለሁ።