መብራቱ ለማን ይታዘዛል?

በአባቶቻችን ዘመን የቤት መብራት ነገር ቀላል ነበር። ኩራዙን የሚለኩሰው ለክብሪቱ የቀረበው ሰው ነው፤ ኤሌክትሪክ ከገባም ወዲህ የግድግዳውን ማብሪያ መጫን ሕፃኑንም ሽማግሌውንም አላስቸገረም። አሁን ግን በእጅ ስልክ የሚታዘዝ፥ ስማርት አምፑል የተባለ መብራት ወደየቤቱ በመግባት ላይ ስለሆነ፥ ስለ አተካከሉና ስለ አያያዙ ለአንባብያን ጥቂት ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየን።

ይህ አምፑል በመልኩ ከሌላው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ በሆዱ ውስጥ ትንሽ የሬድዮ መቀበያ መኖሩ ነው። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ሂዩ ብሎ የሰየመውን አምፑል በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የዚህ ዐይነቱ መብራት በብዙ አገር ታውቋል። በእርሱም ብርሃኑን ማሳነስና ማጉላት፥ በተወሰነ ሰዓትም እንዲበራና እንዲጠፋ ማዘዝ ይቻላል።

አምፑሉን ከመትከል አስቀድሞ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፥ በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ የሚልከው አምፑል ግን ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን መትከል ስጦታውን ማቃጠል፥ ከዚያም አልፎ አደጋ መጥራት ነው። የአምፑሉ አንገት ተሽከርክሮ የሚገባ ወይም ተገፍቶ የሚቆለፍ መሆኑንም ከመያዣው ጋራ ማስተያየት ይገባል።

ከዚህ በኋላ ማብሪያውን አጥፍቶ አምፑሉን ማስገባት፥ ማብሪያውን መልሶ መክፈት፥ የኩባንያውን መተግበሪያ በስልክ ላይ መጫንና የቤቱን ዋይፋይ የይለፍ ቃል መስጠት ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ የዋይፋይ አምፑሎች የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርዝ በተባለው ሞገድ ብቻ ስለሆነ፥ አምፑሉ አልገናኝ ሲል ስልኩንም ወደዚያው ሞገድ አዛውሮ መሞከር ይበጃል። በመጨረሻም ለየአምፑሉ ሳሎን፥ ጓዳ፥ በረንዳ እያሉ ስም ማውጣት ነው።

ይሁን እንጂ ዋናው ቁም ነገር ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። የግድግዳው ማብሪያ ከጠፋ አምፑሉ ኤሌክትሪክ ስለማያገኝ ከስልክ የሚላከውን ትእዛዝ አይሰማም። ስለዚህ ባለ ስልኩ «ማብሪያውን አትንኩ» ብሎ ቤተሰቡን ያስጠነቅቃል። እንግዲህ እርሱ ወደ ሥራ ሲሄድ በቤት የቀሩት ልጆችና ሠራተኛዪቱ በምን ያበራሉ? እናትስ ሌሊት ሲነሡ በጨለማ ሊደናበሩ ነውን?

መፍትሔው አለ። በብዙዎቹ መተግበሪያዎች ውስጥ፥ መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፑሉ ምን እንደሚሆን የሚወሰንበት ስፍራ ይገኛል። የመተላለፊያውንና የደረጃውን አምፑል «ይብራ» ብሎ መወሰን መልካም ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ሰው ማብሪያውን አጥፍቶ ቢያበራ ብርሃን ያገኛል። የመኝታ ቤቱን ግን «እንደ ነበረ ይሁን» ማለት ይሻላል፤ አለዚያ መብራት በእኩለ ሌሊት ሲመጣ የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ለዚያም ክፍል በባትሪ የሚሠራ፥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መጫኛ ገዝቶ ከአምፑሉ ጋራ ማስማማት ይቻላል።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ትእዛዙ በሩቅ አገር ባለ ኩባንያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ፥ ኩባንያው ሲዘጋ የቤቱም መብራት ከትእዛዝ ይወጣል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በኤፕሪል 2022 ኢንስቲዮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አገልግሎቱን በድንገት ባቋረጠ ጊዜ ደንበኞቹ በስልካቸው ማዘዝ ተስኗቸው ነበር። በዚያው ዓመት ማተር የተባለ የጋራ ደንብ ወጣ፤ በዚህ ደንብ የተሠሩ አምፑሎች ኢንተርኔት ቢቋረጥም በቤት ውስጥ ትእዛዝ ሊቀበሉ ይችላሉ። ስለዚህ ገዢ ሁሉ ይህን ምልክት በማሸጊያው ላይ ቢፈልግ ይጠቀማል።

አዲስ ነገርን መቀበል መልካም ነው። ነገር ግን አምፑሉን የተከለ ሰው ሥራውን ፈጸምሁ ከማለቱ በፊት ስልኩን ያስቀምጥና፥ በቤቱ ያሉትን ሁሉ ተራ በተራ «እስቲ አብሩ» ይበላቸው። አንዱ እንኳ ማብራት ካቃተው ሥራው ገና አላለቀም፤ መብራት የቤተሰብ እንጂ የአንድ ሰው ኪስ ንብረት አይደለምና።