በሥሩ የሚመገበው ትል

ከአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት ዳርቻ ወደ ደቡብ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወለል ላይ፣ ከ500 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ጨለማ ውስጥ ቁጥቋጦ የሚመስል ነገር በቅሎ ይታያል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እያንዳንዱ ዘንግ እንስሳ ነው፤ ላሜሊብራኪያ ሉይመሲ የሚባል ትል። ራሱ በሠራው ጠንካራ ቱቦ ውስጥ ይኖራል፤ ከቱቦው ጫፍ ብቅ የሚለው ላባ የመሰለ ቀይ አካሉ ብቻ ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ይደርሳል። አፍም አንጀትም የለውም።

አፍ የሌለው እንስሳ ምን በልቶ ያድጋል የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የተነሣው በሌላ ባሕር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪዎች በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ፣ ፍል ውሃ ከባሕር ወለል በሚፈልቅበት ስፍራ፣ ሪፍቲያ የተባለውን የዚህን ትል ትልቅ ዘመድ አገኙ። በ1981 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ የነበረችው ኮሊን ካቫና እና ባልደረቦቿ መልሱን አሳተሙ፤ የትሉ ሆድ ዕቃ ባክቴሪያ የታጨቀበት ነው። ባክቴሪያዎቹ የገማ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በኦክስጅን ያቃጥላሉ፤ ከዚያ በሚያገኙት ጉልበትም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግብ ይሠራሉ። ትሉ ጥሬ ዕቃውን በደሙ ያቀርብላቸዋል፤ እነሱ የሚሠሩትን ይካፈላል፤ ከራሳቸውም ከባክቴሪያዎቹ እየፈጨ ይመገባል።

ይህ መልስ ለሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤው ትል ግን ብቻውን አልበቃም። በጋላፓጎስ ሰልፋይዱ ከፍል ውሃው ጋር ተገፍቶ ስለሚወጣ ሪፍቲያ በላባው ይቀበለዋል። በሉዊዚያና ፊት ለፊት ያለው ግን ቀዝቃዛ ምንጭ ነው፤ ድፍድፍ ነዳጅና ሜቴን ጋዝ ከጭቃው ውስጥ ቀስ እያለ ያዣል፤ ሰልፋይዱም እዚያው ጭቃው ውስጥ ይቀራል። አድጎ ወደ ላይ የወጣው ትል ላባውን በሚዘረጋበት ውሃ ውስጥ ሰልፋይድ የለም ማለት ይቻላል።

ምስጢሩ ከታች ተገኘ። የትሉ የኋላ ጫፍ እየቀጠነ ወደ ጭቃው ይሰርጋል። ሳይንቲስቶች ያለ ማመንታት ሥር ይሉታል፤ እኔም የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። ቱቦው በዚህ በኩል ስስ ስለሆነ ሰልፋይድ ያሳልፋል። ስለዚህ ትሉ በላባው ኦክስጅን፣ በሥሩ ሰልፋይድ እየሳበ ሁለቱን መሐል ላይ ለባክቴሪያዎቹ ያደርሳል። ሰልፋይድ ለእኛም ለአብዛኛው እንስሳም ሴሎችን ከመተንፈስ የሚያግድ መርዝ ነው። የዚህ ትል ሂሞግሎቢን ግን ኦክስጅኑን በአንድ ቦታ፣ ሰልፋይዱን በሌላ ቦታ ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዝ መርዙ ደሙ ውስጥ ልቅ ሆኖ አይዘዋወርም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሰልፋይዱን የሚሠሩት ጭቃው ውስጥ ያሉ ሌሎች ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው፤ ሜቴኑንና ዘይቱን ሲያብላሉ ከባሕር ውሃ የመጣውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይለውጡታል። ችግሩ ሰልፌት ጭቃው ውስጥ ጠለቅ ሲሉ ያልቃል፤ ሰልፌት ካለቀ ደግሞ ሰልፋይድም የለም። በ2005 ኤሪክ ኮርደስና ባልደረቦቹ ያቀረቡት የሂሳብ ሞዴል ትሉ ራሱ ሰልፌት ወደ ታች ይልካል ይላል። ባክቴሪያዎቹ ሰልፋይዱን ተጠቅመው የሚተርፋቸው ሰልፌት ነው፤ ትሉ ያንን በሥሩ በኩል መልሶ ጭቃው ውስጥ ይለቀዋል፤ የከብቱን ፍግ መልሶ ማሳው ላይ እንደሚበትን ገበሬ። ሞዴል ሞዴል ነው፤ ነገር ግን በኋላ በሕይወት ባሉ ትሎች ላይ የተደረገ ሙከራ ሰልፌቱ በአብዛኛው በሥሩ በኩል እንደሚወጣ አሳይቷል። በሞዴሉ መሠረት ይህ ዑደት ካለ መካከለኛ ቁጥቋጦ ለመቶዎች ዓመታት መቀለብ ይችላል።

ዕድሜው በእርግጥም እንዲሁ ነው። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ፊሸርና ባልደረቦቹ ቱቦዎቹን እዚያው ባሕር ወለል ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው፣ ከጊዜ በኋላ ተመልሰው ከቀለሙ በላይ የበቀለውን ለኩ። በ2000 ባሳተሙት ስሌት 2 ሜትር የደረሰ ትል ከ170 እስከ 250 ዓመት ይሆነዋል። በዚያው ባሕረ ሰላጤ ይበልጥ ጠልቆ የሚኖረው ኤስካርፒያ ላሚናታ 300 ዓመት እንደሚያልፍ ደግሞ በ2017 ተዘግቧል። ሪፍቲያ በአንጻሩ ችኩል ነው፤ ፍል ውሃው በማንኛውም ጊዜ ሊነጥፍ ስለሚችል በዓመት ከ85 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲያድግ ታይቷል።

ስለ እነዚህ ትሎች ሲወራ «ያለ ፀሐይ የሚኖሩ» ማለት ተለምዷል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በላባቸው የሚስቡት ኦክስጅን ከላይ ፀሐይ በሚሞቁ ዕፅዋትና አልጌዎች የተሠራ ነው፤ ከታች የሚያዣው ነዳጅም ከጥንት ሕያዋን ቅሪት የመጣ ነው። ፀሐይ እዚያም ትደርሳለች፤ ዘግይታና ዞራ እንጂ።

ነዳጅ የሚያዣበት ወለል ነዳጅ ቆፋሪዎችንም ይስባል። የአሜሪካ መንግሥት በጥልቅ ውሃ የሚሠሩ ኩባንያዎች ቁፋሯቸውንና መልሕቃቸውን ከእነዚህ ቁጥቋጦዎች እንዲያርቁ ያስገድዳል። ተገቢ ነው፤ አንድ መልሕቅ የሰበረውን ቁጥቋጦ ተተክቶ የሚያይ ትውልድ ገና አልተወለደም።