የዋልካ አፈር ውኃ ወዴት ይሂድ?

በክረምት በቦሌና በአካባቢዋ የተመላለሰ ሰው ጥቁሩን ጭቃ ያውቀዋል። ከጫማ ሥር ተጣብቆ በየእርምጃው እየወፈረ ይሄዳል። በበጋ ደግሞ ይኸው ምድር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በቡልቡላ፣ በአራብሳ፣ በጎሮና በሰሚት ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ከመጣሉ በፊት ኮትቻውን ቆርጦ ማውጣትና በምትኩ ገረጋንቲ መሙላት እንዳለበት ይነገረዋል። ይህን ወጪ ለመቆጠብ የሞከረ ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ያያል። የግንባታ መሐንዲሶች ይህን አፈር እንደ ጠላት ቢቆጥሩት አይፈረድባቸውም። ይሁንና እነዚህ መንደሮች ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት በአብዛኛው የእርሻ ማሳዎች ነበሩ። ገበሬው አፈሩን ቆርጦ የሚጥልበት ስፍራ ስላልነበረው ከአፈሩ ጋር መኖርን መማር ነበረበት። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን ትምህርት ነው፤ ከሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ተነሥቶ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ በምትገኘው ጉርድ ሾላ በኩል አልፎ ወደ ሌሎች ገበሬዎች እንዴት እንደ ተጓዘና በምን ምክንያት እንደ ተሰናከለ።

ገበሬዎቻችን ዋልካ፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የሚሉት አፈር ሳይንሳዊ ስሙ ቨርቲሶል ነው። ስያሜው «መገልበጥ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግስ የመጣ ነው። በበጋ የላይኛው አፈር ተፈርፍሮ በስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ በክረምት አፈሩ ሲያብጥ የታችኛው ወደ ላይ ይገፋል። መሬቱ በዘመናት ውስጥ ራሱን በራሱ ያርሳል ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ምንጭ ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ገጾች በተደራረቡ እጅግ ስስ ንጣፎች የተሠራ ሲሆን፣ ውኃ በንጣፎቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣም ይኮማተራል። ቨርቲሶል ለመባል አንድ አፈር ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ ሊኖረው ይገባል፤ በደጋችን ከዚህ እጥፍ የሚደርስበት ቦታ ብርቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ይህ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ባለው ምድር እንደሚገኝ ይገመታል።

አፈሩ ለም ነው። ንጥረ ነገርንም ውኃንም አጥብቆ ይይዛል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ስንጥቁን ከዘጉት በኋላ የሐምሌና የነሐሴ ውኃ ወደ ታች መውረጃ አጥቶ በማሳው ላይ ይተኛል። ሥሮች እንደ እኛው ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። ኦክስጅን ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት በዐሥር ሺህ ጊዜ ያህል ቀንሶ ነው። ስለዚህ የአፈሩ ቀዳዳዎች በውኃ ሲሞሉ ሥሩ እንደ ታፈነ ይቆጠራል። በዚህ ላይ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ወደ ናይትሬት ይዞራሉ፤ ከናይትሬቱ ኦክስጅኑን ሲወስዱ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይበተናል። በነሐሴ በዋልካ ማሳ ላይ የምናየው የስንዴ ቢጫነት በከፊል የዚህ ውጤት ነው። ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ዐይኑ እያየ ይተናል።

ጤፍ ከስንዴ በተሻለ ውኃውን ይታገሣል፤ በዋልካ ምድር ላይ ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሌሎቹን ሰብሎች በተመለከተ የብዙ አካባቢ ገበሬዎች ያገኙት መፍትሔ መጠበቅ ነበር። ማሳውን ደጋግመው እያረሱ ኃይለኛው ዝናብ እስኪያልፍ ይቆዩና በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ይዘራሉ፤ ሽምብራውና ጓያው በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። ብልሃቱ አስተዋይነት አለው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት መሬቱ ያለ ሽፋን ስለሚቆይ አፈሩ ይታጠባል፤ ከዓመቱ ዝናብም ሰብል ሆኖ የሚመለሰው ጥቂቱ ብቻ ይሆናል።

በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ግን ሌላ መንገድ ይዘው ቆይተዋል። (ጅሩን አብዛኛው አዲስ አበቤ የሚያውቀው በሰንጋው ነው፤ በአፈር አያያዙም መታወቅ የሚገባው አገር ይመስለናል።) ዘሩን ከበተኑ በኋላ በማረሻ ቦይ ያወጣሉ። ከዚያም ቤተሰቡ በተለይም ሴቶችና ልጆች አፈሩን ከቦዩ በእጃቸው እያፈሱ ወደ ላይ በመከመር ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ። ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ሰብሉ ከፍ ባለው መደብ ላይ ሥሩን አየር ያስነካል። እንዲህ የተሠራ ማሳ ክረምቱ ሳይወጣ ሊዘራ ይችላል። ድካሙ ግን ወገብ የሚሰብር ነው፤ ከዚያም በላይ ብዙ እጅ የሌለው ቤተሰብ አይችለውም።

ይህ ዕውቀት ወደ ጉርድ ሾላ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ በምህጻሩ ኢልካ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚያ ነበር። (ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1994 ናይሮቢ ከነበረ አቻ ተቋም ጋር ተዋህዶ የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ሆኗል።) ማዕከሉ ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ተቋም፣ ከዓለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲ፣ ከግብርና ሚኒስቴርና በሕንድ ከሚገኘው ኢክሪሳት ከተባለ የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ የዋልካ አፈርን ችግር ማጥናት ጀመረ። የሕንዱ ተቋም ቀደም ሲል ለዚሁ ዓይነት አፈር ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ፣ በመንኮራኩር የሚሄድና በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሞክሮ ነበር። መሣሪያው ግን ለአነስተኛ ገበሬ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ተመራማሪዎቹ በአንድ በኩል የእነዋሪን መደብ፣ በሌላ በኩል በየገበሬው ቤት የሚገኘውን ማረሻ አዩ፤ ሁለቱንም አገናኙ።

ሁለት ማረሻዎች ጎን ለጎን ተያይዘው በአንድ ጥማድ በሬ እንዲጎተቱ ተደረገ። በድግሩ ምትክ አፈሩን ወደ መካከል የሚገፋ ክንፍ ገባ፤ ከኋላ የተንጠለጠለው ሰንሰለት ደግሞ መደቡን ያስተካክልና ዘሩን ያለብሳል። መደቡ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ገበሬዎች እስከ ዛሬ ቢቢኤም የሚሉት መሣሪያ ይህ ነው። ሴቶችና ልጆች በእጃቸው ሲያፍሱት የኖሩትን አፈር በሬዎቹ ያፍሱት ጀመር። ስንዴው በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ሊዘራ ቻለ። ክረምቱ እንደ ወጣ ሲታጨድም በቀረው እርጥበት ሽምብራ የመዝራት ዕድል ተገኘ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለኤግዚቢሽን የሚስማማ ይሆን ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ከሠርቶ ማሳያው ማሳ ሲወጣ እንደ ተጠበቀው አልተስፋፋም። የእንጨቱ ቢቢኤም ከባድ ነበር፤ ሥራውም የሚጀመረው በሬዎቹ ከበጋው የመኖ እጥረት ባላገገሙበት ወቅት ነው። ቀደም ብሎ መዝራት ሌላም ጣጣ አመጣ። እስከ ነሐሴ ድረስ ደጋግሞ ማረስ ለካ አረሙን ያጠፋ ነበር፤ ያ ሲቀር አረሙ በሰብሉ መካከል በረከተ፣ የማረሙ ሥራም በቤተሰቡ ላይ ወደቀ። ሁለተኛ ሰብል መዝራት የሚቻለውም ከአጨዳ በኋላ ከብቶች በየማሳው መለቀቃቸው ከቀረ ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ አንድ ገበሬ ብቻውን ሊወስን አይችልም። ዘግይቶ መዝራት ኋላ ቀርነት ሳይሆን ብዙ ነገሮችን በአንድ ላይ የሚያስታርቅ ስሌት እንደ ነበረ የተገለጠው እንዲህ ነው። ገበሬውን «ለምን አልተቀበለም?» ብሎ ከመጠየቅ «ምን አይቶ ነው?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ሳይንስ ይመስለናል።

የክብደቱና የዋጋው ጉዳይ እንኳ መልስ እያገኘ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በዶክተር መለሰ ተመስገን የተመሠረተው አይባር ኢንጂነሪንግ በገበሬው ማረሻ ላይ የሚገጠም፣ ቀላል የብረት ቢቢኤም አቅርቧል። ይህ መሣሪያ በዋልካ ወረዳዎች በስፋት ተሰራጭቷል።

ከመሣሪያው በላይ የሚከብደው ግን ውኃው ራሱ ነው። ከአንድ ማሳ በቦይ የወጣ ውኃ አይጠፋም፤ ወደ ታችኛው ጎረቤት ይወርዳል። በሰሜን ምዕራብ ደጋ፣ በጣና ዙሪያ ገበሬዎች ማሳቸውን ሰያፍ የሚያቋርጥ፣ ፈሰስ የሚባል የውኃ መውረጃ ከጥንት ጀምሮ ያወጣሉ። ፈሰስ ማሳውን ከሚተኛ ውኃ ያድነዋል፤ ነገር ግን መዳረሻው ካልታሰበበት ከበታች ያለውን መሬት ቦርቡሮ ገደል ያደርገዋል። ላይኛው ገበሬ ሰብሉን ያተረፈበት ቦይ ለታችኛው ገበሬ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ በዋልካ ምድር ላይ የመደብና የቦይ ዕውቀት በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሲቀር ጎጂ ሊሆን ይችላል። ሃያ ማሳዎች በአንድ ተዳፋት ላይ ቢገኙ ሃያዎቹም ቦያቸውን ወደ አንድ የጋራ መውረጃ ማዞር፣ መውረጃውን በሣር ማልበስ፣ በየዓመቱም በጋራ መጥረግ አለባቸው። ከሃያዎቹ አንዱ እምቢ ካለ ሥራው ይቋረጣል።

ይህን ስምምነት መሐንዲስ ብቻውን ሊያመጣው አይችልም። ዳገቱን በሜትር ለክቶ የቦዩን ተዳፋት ሊወስን ይችላል፤ ውኃው በየትኛው ማሳ ጥግ እንደሚጠራቀምና በከባድ ዝናብ ዓመት በየት በኩል እንደ ጣሰ የሚያውቀው ግን በዚያ ያረሰው ሰው ነው። ገበሬዎች የሌላውን ገበሬ ማሳ ሲጎበኙ የሚጠይቁት ጥያቄም ከባለሙያው ይለያል። ባለሙያው በሄክታር ስንት ኩንታል እንደ ተገኘ ይጠይቃል። ገበሬው ደግሞ በሬዎቹ ስንት ቀን እንደ ደከሙ፣ ገለባው ለከብት ይስማማ እንደሆነ፣ ከበታች ያለው ጎረቤት ምን እንዳለ ይጠይቃል። ወንፈልና ደቦ አጨዳን በጋራ ለመሥራት የቆሙ ልማዶች ናቸው። የጋራ መውረጃ ቁፋሮ በእነርሱ ሊሠራ እንደሚችል ግልጽ ቢሆንም፣ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀራል፦ መውረጃው የሚያልፍበትን መሬት የሚለቀው ማን ነው? በአብዛኛው ከታች ያለው፣ መሬቱም ጠባብ የሆነው ገበሬ ነው። በስብሰባው ላይ ከላይኞቹ ድርሻ ተቀንሶ ለእርሱ የሚሰጥ ነገር ካልተወሰነ ቦዩ በሚቀጥለው ክረምት ተደፍኖ ይገኛል።