የሕክምና ቃላትን በየክፍላቸው ለይቶ መረዳት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ታክሞ የሚመለስ ሰው በእጁ የሚይዘው የምርመራ ወረቀት በአብዛኛው በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በሁለቱም የተጻፈ ነው። ሁለቱንም ቋንቋዎች በሚገባ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ የገዛ ሕመሙን የሚሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ አሠሪው ወይም የሥራ ባልደረባው ይሆናል። በዚህ መካከል የምትሳት አንዲት ቃል የመድኃኒት አወሳሰድን ልታዛባ ወይም ያለ ምክንያት ልታስደነግጥ ትችላለች።

ይሁን እንጂ እነዚህ ቃላት ሲሰሙ እንደሚከብዱት አይደሉም። አብዛኞቹ የተሠሩት ከጥቂት ክፍሎች ነው፤ አንዱ ክፍል የሰውነት አካሉን፣ ሌላው በአካሉ ላይ የደረሰውን ነገር ይናገራል። በእንግሊዝኛ የሚሠራባቸው የሕክምና ቃላት ክፍሎች በብዛት ከግሪክና ከላቲን የመጡ ሲሆኑ፣ አንድ ላይ ተጣብቀው ይጻፋሉ። ዐረብኛ ግን ክፍሎቹን እንደ ተለያዩ ቃላት ያስቀምጣቸዋል፤ ሕመሙ ይቀድማል፣ አካሉ ይከተላል።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ትምህርት ባዶ እጁን አይጀምርም። ዐረብኛ፣ ግእዝና አማርኛ ሴማዊ ቋንቋዎች በመሆናቸው በርካታ የአካል ስሞችን ይጋራሉ። ደም በዐረብኛም ደም፣ ዐይንም ዐይን ነው። ራስ «ራእስ»፣ ኩላሊት «ኩልያ» ይባላሉ። አጥንትን የሚያመለክተው «ዐዝም» ከግእዙ ዐፅም፣ ጆሮን የሚያመለክተው «ኡዝን» ደግሞ ከግእዙ እዝን ጋር ሥራቸው አንድ ነው። በአንጻሩ ልብ «ቀልብ» ስለሚባል፣ ቃሉን በአማርኛ ትርጉሙ ከሐሳብና ከትኩረት ጋር ብቻ የሚያያይዝ ሰው የልብ ሕክምና ክፍልን ስም ሲሰማ ሊሳሳት ይችላል። ጉበት «ከቢድ»፣ ጨጓራ «መዒዳ» መሆናቸውንም መያዝ ይጠቅማል።

የአካል ስሞችን ያወቀ ሰው ቀጥሎ ሊይዘው የሚገባው ቃል «ኢልቲሃብ» ነው። ቃሉ የወጣው ነበልባል ከሚለው «ለሀብ» ሲሆን ትርጉሙ ብግነት ነው። ብግነት የሚለው የአማርኛ ቃልም በገነ፣ ማለትም ተቃጠለ፣ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። በእንግሊዝኛው ቃል መጨረሻ ላይ የሚሰማው «አይተስ» ይህንኑ ያመለክታል። ስለዚህ «ኢልቲሃብ አል-ከቢድ» ሄፓታይተስ፣ ማለትም የጉበት ብግነት ነው፤ «ኢልቲሃብ አል-መዒዳ» ጋስትራይተስ፣ የጨጓራ ብግነት ነው፤ «ኢልቲሃብ አል-መፋሲል» አርትራይተስ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። ትርፍ አንጀትም በዐረብኛ «ዛኢዳ» ይባላል፤ ትርጉሙ እንደ አማርኛው «ትርፍ» ነው።

ዐረብኛ ለሕመም ስም የሚጠቀምበት ሌላም ቅርጽ አለው። የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል በካዕብ፣ ሁለተኛው በራብዕ ይነገራል፦ «ሱዳዕ» ራስ ምታት፣ «ዙካም» ጉንፋን፣ «ሱዓል» ሳል፣ «ዱዋር» ማዞር ናቸው። በዚህ ቅርጽ የሚሰማ ቃል ሁሉ የሕመም ስም ባይሆንም፣ ሐኪም ፊት ሲነገር ጆሮን የሚያነቃ ምልክት ነው። «ሱዳዕ» መሰንጠቅ ከሚል ሥር የወጣ ሲሆን፣ አማርኛ ተናጋሪም «ራሴን ፈለጠኝ» ሲል በተመሳሳይ ምስል ይጠቀማል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሹት መጠንን የሚገልጹ ክፍሎች ናቸው። በእንግሊዝኛው «ሃይፐር» ከመጠን በላይ፣ «ሃይፖ» ከመጠን በታች ማለት ነው። በድምፅ እጅግ ይቀራረባሉ፤ ትርጉማቸው ግን ተቃራኒ ነው። በዚህ ረገድ ዐረብኛው ለጆሮ ይቀልላል፤ «ኢርቲፋዕ» ከፍታ፣ «ኢንኺፋድ» ዝቅታ ነው። «ኢርቲፋዕ ደግጥ አድ-ደም» የደም ግፊት ከፍ ማለቱን ይገልጻል። «ኢንኺፋድ ሱከር አድ-ደም» ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ስኳር መቀነሱን ይናገራል። የደም ስኳሩ የወረደበትና መዋጥ የሚችል ሰው ፈጥኖ ጣፋጭ መጠጥ መውሰድ ይኖርበታል፤ ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰው ግን ያንኑ ቢጠጣ ይጎዳል። ሁለቱን ማምታታት ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።

ለፊርማ የሚቀርብ የፈቃድ ወረቀትም እንዲሁ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። «ኢስቲእሳል» ሥር ከሚለው «አስል» የመጣ ሲሆን፣ አንድን አካል ወይም እጢ በቀዶ ሕክምና ማውጣትን ይገልጻል፤ የእንግሊዝኛው አቻ «ኤክቶሚ» ብሎ ይጨርሳል። «ተንዚር» ግን በመሣሪያ ውስጥን መመልከት ነው፤ ሐኪሙ ናሙና ሊወስድ ቢችልም ዋና ዓላማው ማየት ነው። የእንግሊዝኛው መጨረሻ «ስኮፒ» ይሆናል። «ተንዚር» መነጽር ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው፣ ለመታየት እየፈረመ ሳለ አካሉ ሊወጣ እንደሆነ አድርጎ አይሰጋም።

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። «አል-ማእ አል-አብየድ» ቃል በቃል ነጭ ውኃ ማለት ቢሆንም የዐይን ሞራ ስም ነው። ከዚህም ሌላ የቃል ክፍል ሕመሙ የት እንዳለና ምን ዓይነት እንደሆነ እንጂ፣ ምን ያህል እንደጠና ወይም በምን እንደሚታከም አይናገርም። በመሆኑም ታካሚው የሰማውን ቃል በፊደል ጽፎ መያዝ፣ ክፍሎቹን መለየት፣ ከዚያም የተረዳውን ለሐኪሙ መልሶ በመናገር ማረጋገጥ ይኖርበታል። ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ አስተርጓሚ እንዲመጣለት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሳይረዱ በይሉኝታ «ነዐም» ብሎ መውጣት ግን ጉዳቱ ለታካሚው ነው።