መምሰልና መሆን፦ ስለ ጠባይ የሚነገረው ተረትና እውነታው

መልካም ስም በየትም አገር የሚወደድ ሀብት ስለ ሆነ፣ በሥራው ከሚያገኘው ሰው ይልቅ በልብሱ፣ በንግግሩና በወዳጆቹ ብዛት ሊያገኘው የሚሞክረው ሁል ጊዜ ይበዛል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህን ድካም ውዳሴ ከንቱ ብለው ሲገሥጹት ኖረዋል፤ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ደግሞ በበኩላቸው ጠባይን በመለኪያና በቈጠራ መመርመር ከጀመሩ ወዲህ፣ ስለ እርሱ ከምንናገረው ብዙው ከመደጋገሙ የተነሣ እውነት የመሰለ ተረት ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ተረቶች አምስቱን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ተረት፦ ተፈጥሮን ተመክሮ አይመልሰውም።

እውነታው፦ ምሳሌያዊው አነጋገር ግማሽ እውነት አለው። አንዱ ሕፃን ቍጡ፣ ሌላው ዝምተኛ ሆኖ እንደሚወለድ ማንኛውም ወላጅ ያውቃል፤ መንታዎችን ያጠኑ ሊቃውንትም የዝንባሌያችን ከፊሉ በዘር የሚወረስ መሆኑን አረጋግጠዋል። ዝንባሌ ግን የጠባይ መነሻ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። አሪስጣጣሊስ ትሩፋት ከሰው ጋራ አብራ የምትወለድ ሳትሆን ሥራዋን ደጋግሞ በመሥራት የምትገኝ መሆኗን ያስተማረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመና ሰዎችን ለዓመታት እየተከታተሉ የተደረጉ ምርመራዎችን ከ92 ቡድኖች ሰብስቦ ያጠቃለለ ጥናትም፣ ትጋትና ቃልን መጠበቅ በተለይ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ እየጨመሩ እንደሚሄዱ አሳይቷል። ስለዚህ «እኔ አመሌ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ከስንፍና በቀር ሌላ ምስክር የለውም።

ተረት፦ ፊት የልብ መስተዋት ነው።

እውነታው፦ ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወንጀለኛ በመንጋጋው፣ በጆሮውና በግንባሩ ቅርጽ ተለይቶ ይታወቃል ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው የወህኒ ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ግን ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን ለክቶ ከሌሎች ሰዎች ጋራ ካስተያየ በኋላ፣ በ1913 ባወጣው ጥናት የተለየ የወንጀለኛ መልክ የሚባል ነገር አለማግኘቱን ገለጸ። ይህም ሆኖ ዐይናችን አልታረመም። በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ2006 በታተመ ምርመራ፣ ሰዎች የማያውቁትን ሰው ፊት ለአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ እጅ ብቻ አይተው ታማኝ ነው ወይም አይደለም ብለው ይፈርዱ ነበር፤ ተጨማሪ ጊዜ በተሰጣቸውም ጊዜ ፍርዳቸው ሳይለወጥ በፍርዳቸው ላይ ያላቸው መተማመን ብቻ ጨመረ። አስመሳይ ሰው የሚያተርፈው በገዛ ብልሃቱ ብቻ ሳይሆን በእኛ ጥድፊያም ጭምር ነው።

ተረት፦ አንድን መልካም ነገር 21 ቀን የሠራ ሰው ጠባይ ያደርገዋል።

እውነታው፦ የዚህ ቍጥር አመጣጥ ያስገርማል። ማክስዌል ሞልትዝ የሰውን መልክ በቀዶ ጥገና የሚያስተካክል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍም ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን እስኪለምዱት ድረስ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። አንባቢ ለአንባቢ ሲያቀብለው ግን ስለ ፊት የተነገረው ስለ ምግባር እንደ ተነገረ ተቈጠረ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋራ ፍራፍሬ ሲበሉ፣ ተከታትለው እንዳዩት፣ ነገሩ ሳይታሰብበት የሚሠራ እስኪሆን ድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር፤ ለአንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገምቷል። አንድ ቀን ማቋረጥም የተጀመረውን ልማድ አላፈረሰውም።

ተረት፦ መልካም ሰው በሁሉ ስፍራ መልካም ነው፤ ቅዱስ ነገር የሚያስብም ቅዱስ ነገር ይሠራል።

እውነታው፦ ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በፕሪንስተን የትምህርተ መለኮት ትምህርት ቤት ይማሩ የነበሩ 40 ደቀ መዛሙርትን አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንጻ ላኩ። እኩሌቶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ፣ እኩሌቶቹ ስለ ሥራ ነበር፤ አንዳንዱ ጊዜ እንዳለው፣ አንዳንዱ ደግሞ እጅግ እንደ ዘገየ ተነገረው። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር አንገቱን ደፍቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እየሳለና እያቃሰተ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። ካልቸኰሉት መካከል 63 ከመቶው፣ በመጠኑ ከቸኰሉት 45 ከመቶው ሲረዱት፣ እጅግ ከተጣደፉት የረዱት 10 ከመቶው ብቻ ነበሩ፤ የንግግሩ ርእስም ጉልህ ልዩነት አላመጣም። ስለ ሳምራዊው ምሕረት ሊሰብክ እየተጣደፈ በሽተኛውን ተራምዶ ያለፈ ደቀ መዝሙርም ነበር።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ባወጧቸው መጻሕፍት፣ ሂው ሃርትስሆርንና ማርክ ሜይ ከ10,000 በላይ የሆኑ የአሜሪካ ተማሪዎችን መርምረው፣ በአንዱ ፈተና የሚያጭበረብር ልጅ በሌላው ስፍራ ታማኝ ሆኖ መገኘቱን ገልጸዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጠባይ የሚባል ነገር የለም ማለት ሳይሆን፣ ሰው የሚፈተንበትን ስፍራና ሰዓት ዐውቆ ኑሮውን አስቀድሞ ማሰናዳት ራሱ የጠባይ ክፍል ነው ማለት ነው። ቀኑን እስከ ጠርዙ በቀጠሮ የሞላ ሰው፣ ልቡ የቱንም ያህል ርኅሩኅ ቢሆን፣ ርኅራኄውን የሚያደርግበት ጊዜ አላስቀረም።

ተረት፦ ከልብ ሳይመጣ የሚደረግ መልካም ሥራ ሁሉ ግብዝነት ነው።

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. ከ1706 እስከ 1790 የኖረው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በታሪከ ሕይወቱ እንደሚተርከው፣ በወጣትነቱ ዘመን የምግባራትን ስም በደብተር ጽፎ፣ ገጹን በቀይ ቀለም በሰባት ዐምድ ከፍሎ፣ ማታ ማታ ራሱን እየመረመረ የተሳሳተበትን በጥቁር ነጥብ ያመለክት ነበር። ለአዲስ ዙር ነጥቦቹን ሲፍቅ ወረቀቱ እየተበሳ ስላስቸገረው፣ በኋላ መስመሮቹን በዝሆን ጥርስ ገጾች ላይ አስምሮ፣ በእርሳስ የጻፈውን በእርጥብ ስፖንጅ ያጠፋ ጀመር። የምግባራቱ ቍጥር መጀመሪያ 12 ሲሆን፣ ክዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ማኅበር የሆነ አንድ ወዳጁ ሰዎች ትዕቢተኛ እንደሚሉት በፍቅር ስለ ነገረው፣ ትሕትናን 13ኛ አድርጎ ጨመራት። ከዚህ በኋላ «በእርግጥ» እና «ያለ ጥርጥር» የሚሉትን ቃላት ትቶ «ይመስለኛል» እያለ መናገርን ያዘ። የትሕትናን መልክ እንጂ እውነተኛይቱን ትሕትና እምብዛም እንዳላገኛት ራሱ ቢመሰክርም፣ መጀመሪያ ከተፈጥሮው ጋራ እየታገለ የያዘው አነጋገር ውሎ አድሮ ቀሎት፣ ለ50 ዓመት ያህል ድርቅ ያለ ቃል ከአፉ የሰማ ሰው ምናልባት እንደማይገኝ ጽፏል።

ግብዝም የፍራንክሊን ዐይነቱ ተማሪም ገና ያልሆኑትን ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ ግብዙ የሚመስለው ተመልካች እስካለ ድረስ ሲሆን፣ ተማሪው ጉድለቱን በገዛ እጁ መዝግቦ፣ የሚገሥጸውንም ወዳጅ ሰምቶ፣ ተመልካች በሌለበት ልምምዱን ይቀጥላል። እንግዲህ ጠባዩን ሊሠራ የወደደ ሰው ብዙውን ትቶ አንድ ምግባር ይምረጥ፣ እውነቱን የሚነግረውን ወዳጅ አያርቅ፣ ከቀኑም ላይ ለሰው የሚሆን ትርፍ ጊዜ ያስቀር፤ ሦስት ሳምንት ሲሞላ ለውጥ ባያይም ሥራውን አያቋርጥ።